አርማወር ሐንሰን፦ የደዌው ዘር እና የሰውነት ትውስታ

የዘንድሮው የምሩቃን መገናኛ መጽሐፍ አዘጋጆች ሥራችንን የነካ፣ ከሞተም ብዙ ዘመን ያለፈው አንድ ሰው መርጠን ሕይወቱን እንድንጽፍ ጠይቀውናል። ከጤናው ወገን የመጣነው ካምፓሳችን በስማቸው የሚጠራውን ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን እንጽፋለን ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እሳቸውን ከእኔ በተሻለ የሚያውቁ አሉና ለእነሱ ትቻለሁ። እኔ የመረጥኩት ኢትዮጵያን አንድም ቀን ሳይረግጥ ስሙ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትልቅ ተቋም በር ላይ የተሰቀለ ኖርዌያዊ ሐኪም ነው፤ ገርሃርድ ሄንሪክ አርማወር ሐንሰን ይባላል። የሥጋ ደዌን ተህዋስ ያገኘው እሱ ነው። በክፍል ውስጥ ሁላችንም ስሙን ሸምድደናል፤ ለፈተና ከጻፍነው በኋላ ግን ብዙዎቻችን ረስተነዋል። አንቱ ልለው አስቤ ነበር፤ ጥቂት ቆይታችሁ የምታነቡትን ነገር ሳስታውስ ግን እሱ እያልኩ ብቀጥል ይሻላል አልኩ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለምን እሱን መረጥክ ለምትሉኝ፣ ምክንያቱ እነዋሪ ነው። እነዋሪ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን በደነባ በኩል የሚመጣ መንገደኛ መጀመሪያ የሚያየው መረሬውን አፈርና የሰባውን የጅሩ ሰንጋ ነው፤ ሜዳው ሲያልቅ ደግሞ የጀማ ሸለቆ ድንገት ከፊቱ ይከፈታል፤ ማዶው መርሐቤቴ ነው። ጤፉ፣ ስንዴው፣ ምስሩ ሞልቶ የሚታፈስበት አገር ነው። ገበሬው አዲስ ዘር ለመሞከር አይሰንፍም፤ የማረሻ ዓይነት ለመቀየርም አያመነታም። የጋብቻ ነገር ሲመጣ ግን አጥንት ይቆጠራል። ሰባት ቤት ድረስ ሲቆጠር የሚፈለገው ዝምድና መኖር አለመኖሩ ብቻ አይደለም፤ በዚያኛው ወገን ደዌ የነበረበት ሰው ይኖር እንደሆነም በዘወርዋራ ይጠየቃል። ይህ የጅሩ ብቻ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እያዜሙ የሚለምኑት ላሊበሎች፣ ሃሚና የሚሏቸውም አሉ፣ ዜማውን ከተዉ ደዌው ይወጣባቸዋል መባሉን በሸዋ ያደገ ሁሉ ሰምቷል። ደዌው በአጥንት ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቅ፣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚወርድ ነገር ነው ተብሎ ይታመናል።

አንዲት ወጣት ጤና ጣቢያ መጥታ ደሟ ንጹሕ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማኅተም ያለው ወረቀት ጠይቃኝ ታውቃለች። አያቷ ጣቶቻቸው ያለቁ ሰው ስለነበሩ የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ነገሩን አቋርጠው ተመልሰዋል። እሷ ላይ አንድም ምልክት አልነበረም። እንዲህ ያለ ወረቀት የሚያሰጥ ምርመራም የለም። ለእሷ የሚሆን መልስ ፍለጋ ነው ወደ ሐንሰን የመለሰኝ።

ሐንሰን ሐምሌ 29 ቀን 1841 በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ በበርገን ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ከ15 ልጆች ስምንተኛው ነበር። የአባቱ ንግድ በመክሰሩ እየሠራ ነው የተማረው። በ1866 በክሪስቲያንያ፣ በዛሬዋ ኦስሎ፣ ሕክምና ተመርቆ ወጣ፤ ጥቂት ጊዜም በሰሜን በሎፎተን ደሴቶች በኮድ አሣ አጥማጆች መካከል ሐኪም ሆኖ ሠራ። በ1868 ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ገባ።

ዛሬ ሀብታም አገር የምትባለው ኖርዌይ በዚያ ዘመን በተለይ በምዕራብ ጠረፏ የደዌ አገር ነበረች። በርገን ውስጥ ለሕሙማኑ የተሠሩ ሆስፒታሎች ነበሩ፤ አንደኛው ዕድሜው በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ነው። በ1856 መንግሥት ታማሚዎቹን በሙሉ በስምና በመንደር መመዝገብ ጀመረ። ለአንድ በሽታ የተቋቋመ የመጀመሪያው አገር አቀፍ መዝገብ ይህ ነው ይባላል። ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ። ድሆቹ ታማሚዎች ከገበሬ ቤት ወደ ገበሬ ቤት እየተዘዋወሩ፣ እዚህ ጥቂት ቀን እዚያ ጥቂት ቀን እየተጦሩ ነበር የሚኖሩት።

የበርገን ሊቅ በዚያን ጊዜ ዳንየል ኮርኔሊየስ ዳንየልሰን ነበር። ከባልደረባው ከቦክ ጋር በ1847 ያሳተመው መጽሐፍ የሥጋ ደዌን መልክ በሥርዓት የገለጸ የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ሥራ ተብሎ በመላው አውሮፓ የተከበረ ነው። ሁለት ዓይነት ደዌ ለይቶ አሳየ፤ አንዱ ቆዳ ላይ እብጠት እያወጣ ፊትን የሚለውጥ፣ ሌላው ቆዳው ነጣ ብሎ ስሜት የሚጠፋበት። ዳንየልሰን በሽታው በዘር ይወርዳል ብሎ ያምን ነበር። የእኛ ሽማግሌዎች ከሚሉት ብዙም አይርቅም። እምነቱም ዝም ብሎ የመጣ አልነበረም፤ ከሕሙማን እብጠት የወሰደውን ነገር በራሱና በሆስፒታሉ ሠራተኞች ላይ ደጋግሞ ወግቶ ሞክሯል። ማንም አልታመመም። እንግዲህ ተላላፊ ቢሆን ኖሮ አንዱን እንኳ መያዝ አልነበረበትም? ይህንን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ወደ አዲስ አበባ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ወጣቱ ሐንሰን እዚህ አለቃ ሥር ገብቶ ነው አለቃውን የተቃወመው። በ1870 እና 1871 ወደ ቦንና ወደ ቪየና ሄዶ በማይክሮስኮፕ መሥራትን ተማረ፤ የዳርዊንን ሥራ ያነበበውም በዚያ ጉዞ ነው። ሲመለስ ከላቦራቶሪ ይልቅ መጀመሪያ መንደር ለመንደር ዞረ። መዝገቡን ይዞ ማን ከማን ጋር እንደኖረ፣ ማን ከማን ጋር አንድ አልጋ ላይ እንደተኛ ጠየቀ። ከዘር ይልቅ አብሮ መኖር ነገሩን የበለጠ እንደሚያስረዳ አየ። እኔ በበኩሌ ከማይክሮስኮፑ ይልቅ ይህን የእግር ሥራውን አደንቃለሁ። በክረምት ጭቃ ከቀበሌ ቀበሌ የዞረ ሁሉ ይገባዋል።

ከዚያ 1873 መጣ። ያ ዓመት የሰውየውን ሕይወት በሙሉ በአንድ ላይ የያዘ ይመስለኛል። በጥር የአለቃውን የዳንየልሰንን ልጅ ስቴፋኒን አገባ። የካቲት 28 ቀን ከአንድ ታማሚ እብጠት የወሰደውን ነገር በማይክሮስኮፕ ሲያይ በሴሎቹ ውስጥ እንደ በትር የቀጠኑ አካላት አገኘ። ባለቤቱ ግን በሳንባ ነቀርሳ ተይዛ ነበርና በጥቅምት፣ ከሠርጋቸው በዘጠነኛው ወር ግድም፣ አረፈች። እሷን የገደላት ተህዋስና እሱ ያገኘው ተህዋስ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ይህን ማንም በዚያን ጊዜ አያውቅም፤ ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ተህዋስ ያስተዋወቀው ገና በ1882 ነው። ሐንሰን የአማቱን የዕድሜ ልክ እምነት በሚያፈርስ ግኝትና በሚስቱ ሐዘን መካከል እንዴት እንደከረመ አላውቅም። ሁለቱ ሰዎች ግን አልተጣሉም። በ1875 እንደገና አገባ፤ የወለደውንም ወንድ ልጅ ዳንየል ብሎ በአማቱ ስም ሰየመው።

ግኝቱን በ1874 ሲያትም በጣም ተጠንቅቆ ነበር የጻፈው። በትር መሰል አካላቱን አይቷል፤ በሽታውን የሚያመጡት እነሱ መሆናቸውን ግን ሊያረጋግጥ አልቻለም። ቀለም ነክሮ በደንብ ለማሳየትም ተቸግሯል። በ1879 አልበርት ናይሰር የሚባል ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ጀርመናዊ ሐኪም በርገን መጣ። ሐንሰን በእንግዳ ተቀባይነት ናሙናዎች ሰጠው። ናይሰር አገሩ ተመልሶ በተሻለ ቀለም ተህዋሱን ጥርት አድርጎ አወጣና ያገኘሁት እኔ ነኝ ብሎ አሳተመ። የእንግዳ ነገር! ክርክሩ ለዓመታት ዘለቀ፤ በኋላ ዓለም ለሐንሰን ፈረደለት። የመምህርነት ሥራ ላይ ላላችሁት ይህ ታሪክ የሚያስታውሳችሁ ሰው አይጠፋም።

የሚከብደው ክፍል አሁን ነው። በዚያው በ1879፣ በኅዳር 3 ቀን፣ ሐንሰን በሆስፒታል የተኛች የ33 ዓመት ሴት ወደ ክፍሉ አስጠራ። ያለባት ቆዳን የሚያደነዝዘው ዓይነት ደዌ ነበር። እብጠት ካለበት ሌላ ታማሚ በወሰደው ነገር የነከረውን የዓይን ሞራ መግፈፊያ ቢላዋ ዓይኗ ላይ ወጋ። አላስፈቀዳትም። ምን እንደሚያደርግም አልነገራትም። ዓላማው አንዱ ዓይነት ደዌ በሌላው ዓይነት ላይ ተተክሎ እብጠት ያወጣ እንደሆነ ለማየትና ተህዋሱ በሽታ አምጪ መሆኑን ለማረጋገጥ ነበር። እብጠት አልወጣም። ሴትዮዋ ግን ሕመሙንና ድንጋጤውን ለሌሎች ተናገረች፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1880 በግንቦት መጨረሻ በርገን ላይ ተፈረደበት። ፍርድ ቤት ቀርቦ ድርጊቱን አልካደም፤ ያላስፈቀዳት ነገሩን እሱ በሚያይበት ዓይን እንደማታየው ስለሚያውቅ መሆኑን አስረዳ። ማለትም እምቢ እንደምትል ያውቅ ነበር። ከሆስፒታል ሐኪምነቱ ለዘለቄታው ተሻረ።

ስለ ሐንሰን በአማርኛ የሚጻፉ አጫጭር ጽሑፎች ይህን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ልክ አይመስለኝም። ዛሬ ተማሪዎቻችሁ የፈቃደኝነት ቅጹ በዛብን፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው አዘገየን ብለው ሲያማርሩ ይህችን ሴት ንገሯቸው። የዘመኑ ልማድ ነው ብሎ ማለፍም አይቻልም፤ የራሱ ዘመን፣ የራሱ ከተማ ፍርድ ቤት ነው ጥፋተኛ ያለው። በሌላ በኩል ደግሞ ያው መንግሥት የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪምነቱን አልነሳውም፤ በ1875 የተሾመበትን ያንን ሥራ እስኪሞት ይዞ ቆየ። ፍርዱ ፍርድ፣ ሥራው ሥራ ሆነ። ለሴትዮዋ ይህ ምን ማለት እንደነበር የጻፈ የለም።

ሙከራው ለምን አልሠራም? ሐንሰን እስኪሞት መልሱን አላገኘም። የዳንየልሰን መርፌዎችም ለምን እንዳልሠሩ አላወቀም። እሱ በቀረው ዕድሜው የያዘው ሌላውን መንገድ፣ ሕጉን ነው። በ1877 ድሃ ሕሙማን ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወሩ መጦራቸውን የሚያስቀር ሕግ ወጣ። በ1885 ደግሞ ታማሚው ቤቱ ውስጥ የራሱ ክፍል ኖሮት እንዲለይ፣ ካልቻለ ሆስፒታል እንዲገባ የሚያስገድድ ሕግ ተከተለ። በ1888 ሐንሰን አሜሪካ ተሻግሮ ወደ ሚኒሶታና አካባቢዋ ሄደ። በሽታውን ይዘው የተሰደዱ ኖርዌያውያንን ልጆችና የልጅ ልጆች ፈልጎ አየ። ከተወላጆቹ መካከል አንድም ታማሚ አላገኘም። ነገሩ በአጥንት የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ውቅያኖስ ባላገደው ነበር። ለዚያች ለእነዋሪዋ ልጅ ከነገርኳት ሁሉ በቀላሉ የገባት ይህ ነው።

በ1897 በበርሊን የተሰበሰበው የዓለም ጉባኤ የኖርዌይን መንገድ ለሌሎችም አገሮች መከረ። ሁለተኛውን ጉባኤ በ1909 በርገን አስተናገደች። በኖርዌይ የታማሚው ቁጥር በሐንሰን ዕድሜ ከሺዎች ወደ መቶዎች ወረደ። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ የመለየቱ፣ ምን ያህሉ የተሻለ ቤትና የተሻለ ምግብ ውጤት እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ የምለው፣ በርሊን ላይ የተመከረው ነገር በሌላ አገር ሲተገበር ኖርዌያዊ ልኩን ጠብቆ አልቆየም። በብዙ አገር ታማሚውን ከሰው ነጥሎ በደሴትና በአጥር ውስጥ መቅበር ሆነ። ሐንሰን በሽታውን ከዘር እርግማን ነጻ አወጣው፤ በዚያው እጁ ደግሞ ታማሚውን የሚያስፈራ አደረገው።

የመጨረሻዎቹን ዓመታት ልቡን እያመመው ነው ያሳለፈው። የበርገን ሙዚየም ፕሬዚዳንት ነበር፤ በሕይወት ሳለ በ1901 ሐውልት ተሠራለት፤ በ1910 የሕይወቱን ትዝታ አሳተመ። የካቲት 12 ቀን 1912 ለሥራ ጉብኝት በወጣበት በፍሎሮ፣ በጠረፉ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ፣ አረፈ። ሰባ ዓመቱ ነበር። መንደር ለመንደር መዞሩን እስከ መጨረሻው አልተወም ማለት ነው።

የሐንሰን ሥራ በሞቱ አላበቃም፤ የቀረው ግማሽ አዲስ አበባ ላይ ነው የተሠራው። በአገራችን ሕሙማኑ ለብዙ ዘመን በደብረ ሊባኖስና በየጸበሉ ዙሪያ ተሰብስበው ይኖሩ ነበር። በ1901 ሐረር ላይ የካፑቺን ሚሲዮናውያን መጠለያ ከፈቱ። በ1930ዎቹ አዲስ አበባ ዳር ላይ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ሆስፒታል ተሠራ፤ ሰፈሩ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በዚያው ግቢ በ1965 አለርት ተቋቋመ። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ፣ በበርገን ዩኒቨርሲቲም ተሳትፎ፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሥራ ጀመረ። የበርገኑ ሐኪም ስም ዘነበወርቅ የደረሰው እንዲህ ነው።

የኢንስቲትዩቱ ሰዎች የያዙት ጥያቄ ያንን ያስያዝኳችሁን ነው። ተህዋሱ ካለ፣ ተላላፊም ከሆነ፣ ለምን ብዙው ሰው አይታመምም?

መልሱ በሰውነት ትውስታ ውስጥ ነው ያለው። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሁለተኛ አይያዝም፤ ነጭ የደም ሴሎቹ አንዴ ያዩትን ጠላት ዕድሜ ልክ አይረሱም። የቆዳ ባክቴሪያዎች ግን እንዲህ ቀላል አይደሉም። ብጉንጅ የሚያወጣውን ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ውሰዱ፤ አንድ ሰው በዓመት ሦስት ጊዜ ብጉንጅ ቢያወጣ የሚገርም አይደለም፤ ሰውነት አይቶታል ግን የሚጠቅም ትውስታ በደንብ አልያዘም። የደዌው ተህዋስ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በጣም ቀርፋፋ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። የሚኖረውም በሴል ውስጥ ተደብቆ ነው፤ ማክሮፋጅ በሚባሉት ጠባቂ ሴሎችና በነርቭ ሽፋን ሴሎች ውስጥ። በደም ውስጥ የሚንሳፈፉ ፀረ እንግዳ አካላት እዚያ አይደርሱበትም። ሊደርስበት የሚችለው ቲ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ነው፤ ማክሮፋጁን ቀስቅሶ የዋጠውን እንዲገድል የሚያዘው እሱ ነው።

ዳንየልሰን በዓይኑ የለያቸው ሁለት መልኮች ትርጉማቸው እዚህ ላይ ይገባል። ቲ ሴሉ ተህዋሱን የሚያስታውስ ታማሚ ጥቂት ነጣ ያሉ፣ ስሜት የሌላቸው ምልክቶች ብቻ ይወጡበታል፤ ተህዋሱ እምብዛም አይገኝበትም። ቲ ሴሉ ዝም ያለበት ታማሚ ግን እብጠቱ ይበዛል፤ ቆዳው በተህዋስ ይሞላል፤ ፀረ እንግዳ አካል በብዛት እያለውም አይጠቅመውም። የሚያስደንቀው፣ ያ ዝምታ ለዚህ ተህዋስ ብቻ መሆኑ ነው፤ ሌላውን በሽታ ሰውነቱ እንደማንም ሰው ይዋጋል። ጃፓናዊው ሚትሱዳ የሞተ ተህዋስ ቆዳ ሥር ወግቶ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ እብጠቱን በማየት ይህን ልዩነት ቀደም ብሎ አሳይቷል፤ በደም ውስጥ በሴል ደረጃ በዝርዝር ከታየባቸው ዋና ቦታዎች አንዱ ግን ዘነበወርቅ ነው።

እንግዲህ ያቺ የበርገን ሴት ያለባት ስሜት የሚያደነዝዘው ዓይነት ነበር። ሰውነቷ ተህዋሱን ያውቀው ነበር ማለት ነው። ዓይኗ ላይ የተወጋው ነገር እብጠት ሳያወጣ መቅረቱን አሁን ላይ ሆነን ስናየው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሐንሰን ለማረጋገጥ የመረጠው፣ ከሁሉም በላይ ሊሳካ የማይችልበትን ሰው ነው።

በ1973፣ ተህዋሱ በተገኘ ልክ በመቶ ዓመቱ፣ የኢንስቲትዩቱ ተመራማሪ ቶሬ ጎዳል ከኢትዮጵያዊ ባልደረባው ጋር አንድ ጥናት አሳተመ። ዘዴው ለመናገር ቀላል ነው፤ ከጤነኛ ሰው ደም ነጭ ሴሎቹን ለይቶ ከሞተ የደዌ ተህዋስ ጋር ማዋል። ሴሎቹ የሚያስታውሱት ከሆነ መባዛት ይጀምራሉ፤ ካላዩት ዝም ይላሉ። ከሕሙማን ጋር ከዓመት በላይ ከሠሩት ጤነኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴሎቻቸው ተባዙ። አንዳቸውም አልታመሙም። ተህዋሱ ገብቶባቸዋል፣ ሰውነታቸው አይቶታል፣ አሸንፎታል፣ ትውስታውንም ይዞ ቀርቷል። የዳንየልሰን መርፌዎች ማንንም ያላሳመሙት ለዚህ ነው። በሽታው ከሚታሰበው በላይ ይተላለፋል፤ የሚያሳምመው ግን በጣም ጥቂቱን ነው።

ለእነዋሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አጥንት ሲቆጠር ንጹሕ ነው ተብሎ የሚመረጠውና ደዌ አለበት ተብሎ የሚተወው ቤት፣ ታማሚ ባለበት መንደር እስከኖሩ ድረስ፣ ሁለቱም ተህዋሱን አግኝተውት ሊሆን ይችላል። ማን ይታመማል ማን አይታመምም በሚለው ላይ የሰውየው ተፈጥሮ የተወሰነ ድርሻ አለው፤ ይህንን መካድ አይቻልም፤ ሽማግሌዎቹ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለትም ታማኝነት አይሆንም። ግን የሚወርደው ደዌው አይደለም፤ ሰውነት ይህን አንድ ተህዋስ ለይቶ የማወቅ አቅሙ ነው። ይህን ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብዬ ለማስረዳት ሞክሬያለሁ። ተሳክቶልኛል አልልም። ያቺ ልጅ ወረቀቱን አላገኘችም፤ ሌላ ቦታ ማግባቷን በኋላ ሰምቻለሁ።

ትውስታው ደግሞ ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። ይህን በተለይ አሁን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የምትመደቡ ወጣት ምሩቃን እንድታስተውሉት እፈልጋለሁ። ታማሚው መድኃኒቱን ጀምሮ ሁለትና ሦስት ወር ሲሞላው የድሮው ምልክት በድንገት ይቀላል፣ ያብጣል፤ ነርቩ ይቆጠቁጣል፤ አንዳንዴ በሳምንት ውስጥ እጁ ወይም እግሩ ይልፈሰፈሳል። ተህዋሱ ተመልሶ አይደለም። ዝም ብሎ የነበረው የሰውነት ትውስታ ነቅቶ፣ በነርቩ ውስጥ የተደበቀውን የተህዋስ ቅሪት ሲያጠቃ ነርቩን አብሮ እየጎዳው ነው። ታማሚው ግን መድኃኒቱ አባሰብኝ ብሎ ጥሎት ወደ ጸበል ይሄዳል። ብዙ ጣትና ብዙ እግር የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ፕሬድኒሶሎን በጊዜው ከተጀመረ ነርቩ ይመለሳል፤ ከስድስት ወር ካለፈ ግን ተስፋው የመነመነ ነው። መድኃኒቱን እየወሰደ ለመጣ ታማሚ ሁሉ እጁን አስዘርግታችሁ ጣቱን ወደ ላይ ሲያነሳ ኃይሉን ፈትሹ። መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ሁለት ደቂቃ ነው።

የሐንሰን ተህዋስ አንድ ነገር እስከ ዛሬ እምቢ እንዳለች ናት፤ እንደ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አላደገችም። በ1960 በአይጥ መዳፍ፣ በ1971 ደግሞ አርማዲሎ በሚባለው የአሜሪካ እንስሳ ላይ ማሳደግ ተቻለ። ሰውየው በዚያች ዓይን ላይ ሲፈልግ የነበረውን ማስረጃ እንስሳት ሰጡ። ሦስቱ መድኃኒቶች፣ ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶን እና ክሎፋዚሚን፣ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአንድነት ይሰጣሉ፤ ለአንዱ ዓይነት ስድስት ወር፣ ለሌላው አንድ ዓመት፣ በነጻ። ያም ሆኖ በአገራችን በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዲስ ታማሚ ይመዘገባል።

በ1970ዎቹ ዘነበወርቅ ላይ የታየው ነገር፣ ታማሚ ዙሪያ ካሉት ብዙዎቹ ተህዋሱን አሸንፈው ጥቂቶቹ እንደሚሸነፉ፣ አሁን ወደ ሥራ ተለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 ጀምሮ ለታማሚው ቤተሰብና ጎረቤት አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ሪፋምፒሲን እንዲሰጥ ይመክራል፤ ትውስታቸው ገና ያልበረታውን ጥቂቶች አስቀድሞ ለመድረስ ነው። ከቤት ወደ ቤት የሚያዞር ሥራ ነው፤ እንደ ሐንሰን። ኪኒኑን ይዘን የማን ደጅ እንደምንቆም የምናውቀው ግን ታማሚው የቤተሰቡንና የጎረቤቱን ስም ሲሰጠን ነው፤ ጅሩ ላይ ደግሞ ልጅ ያላት እናት ያንን ስም በቀላሉ አትሰጥም።